ውኃ የማያስገባ ዲግሪ

ጋሽ ማኅደር ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው አንድም ወረቀት አልጠፋባቸውም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሳቸው ናቸው። ለጎረቤት ይሉታል፣ ለታክሲ ረዳት ይሉታል፣ አንዴ እንዲያውም ጥርስ ሊነቅልላቸው መርፌ ለያዘ ሐኪም አፋቸውን እንደ ከፈቱ ብለውታል። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ለማሾፍ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉትና እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም የፊርማ መዝገብ ላይ ብቻ ቀረ።

መቼም ጡረታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቅጣት ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ማንኪያዎችን በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲደረድሩ ከረሙ። ቀጥለው በባለቤታቸው የክር ሳጥን ላይ ዘመቱ። ባለቤታቸው እቤት ሆነው የሴት ቀሚስ የሚሰፉ፣ ከስፌት መኪናቸው ጋር ሲነጋገሩ የሚውሉ ሴት ናቸው፤ ክራቸው የት እንዳለ የሚያውቀው እጃቸው እንጂ ዓይናቸው አይደለም። አንድ ቀን ጥቁር ክር ፈልገው ሳጥኑን ሲከፍቱ እያንዳንዱ ክር ላይ ቁጥር ተለጥፎበታል። ጥቁሩ "ክ/017" ሆኖ ቆያቸው።

"አንተ ሰውዬ፣" አሉ ባለቤታቸው መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው፣ "ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔን አሰናብተኝ።"

ሥራው ራሱ ፈልጓቸው መጣ። ከኋላቸው ባለው መንገድ አንድ ቤት በኤሌክትሪክ ንክኪ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ወረቀት ግን አለቀ። ባለቤቶቹ ቤቱ የእነሱ መሆኑን፣ ልጆቹ የእነሱ መሆናቸውን፣ እነሱም ራሳቸው እነሱ መሆናቸውን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ሰፈሩ ሁሉ አየ። በሳምንቱ በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራና ስለ ድንገተኛ አደጋ ዝግጅት የግማሽ ቀን ትምህርት ተሰጠ። ሌላው ሰው የመጣው ለብስኩቱ ነው፤ ጋሽ ማኅደር ብቻ ከፊት ተቀምጠው ማስታወሻ ያዙ። ሲያበቃ አንዲት በራሪ ወረቀት ታደለች። የቤተሰብዎን ሰነዶች ይሰብስቡ፤ ቅጂ ያውጡ፤ ኦርጅናሉን ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ያኑሩ፤ ቦርሳውን ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጡ። አራት መስመር ናት። አራቷን መስመር ፈጽመው አርፈው ቢተኙ ኖሮ እኔም የማወራው ባልኖረኝ ነበር።

እሳቸው ግን ወረቀቷን አንብበው ፈገግ አሉ። የጻፋት ሰው ጀማሪ መሆኑ ወዲያው ነው የታወቃቸው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱን በረበሩት። ከፍራሽ ሥር፣ ከስኳር ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ ካፖርት ኪስ ሰነድ ወጣ። የጋብቻ ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ፣ የአማታቸው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጃቸው የሚጣ የልደት ካርድና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ሪፖርት ካርድ፣ ከጡረታቸው በፊት ቀጥ ብሎ የቆመው የግድግዳ ሰዓት ዋስትና ሳይቀር ተሰበሰበ። ከሁሉም በላይ ያለው የሚጣ ዲግሪ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፣ በቤቱ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የረገጠች የመጀመሪያዋ ሰው። ሚጣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቢሆንም እንደ ሕፃን "ሚጣ" ብሎ የሚጠራት ቤተሰብ አንድ ልጅ ብቻ ስላለው ይቅር ይባላል። ሁሉም ቁጥር ተሰጠው፣ ዝርዝር ወጣለት፣ ቀይ ቦርሳ ውስጥ ገባ፤ ቦርሳውም ከበሩ ጎን በሚስማር ተንጠለጠለ።

ከዚያ ልምምድ መጣ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ማኅደር ሳሎኑ መሐል ቆመው ፊሽካ ነፉ።

"እሳት! እሳት! ይህ ልምምድ ነው!"

ሚጣ የጥርስ ብሩሿን እንደ ነከሰች ወጣች። ባለቤታቸው የስፌት መኪናቸውን ራስ አቅፈው ወጡ። ቀዩ ቦርሳ ሚስማሩ ላይ ቀረ።

"ቦርሳውስ?" አሉ ጋሽ ማኅደር ሰዓታቸው ላይ እንዳፈጠጡ።

"አንተ ይዘኸው ነው ብዬ ነዋ!" አሉ ባለቤታቸው።

"እኔ ታዛቢ ነኝ።"

"እንግዲያው ቤቱ ሲቃጠል እየታዘብክ ቁም።" ይህን ብለው ባለቤታቸው መኪናቸውን ታቅፈው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

በዚያው ዕለት ሪፖርት ተጽፎ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ። "የሠራተኛው ዲሲፕሊን አጥጋቢ አይደለም" ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ ግን የከፋ ነበር። ጋሽ ማኅደር ባዶውን ቦርሳ ለሙከራ ባልዲ ውስጥ ነክረውት በዚፑ በኩል አንድ ጠብታ ውኃ ገብቶ አግኝተዋል። አንድ ጠብታ። ሌላ ሰው ቢሆን ዚፑን ይቀይራል። እሳቸው እንቅልፍ አጡ፣ በነጋታውም ሰነዱን ሁሉ ታቅፈው መንገዱ ማዕዘን ላይ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። ባለቤቱን ሰፈሩ "ኮፒው" ይለዋል።

"ላሚኔት አድርግልኝ፣" አሉት ክምሩን አስቀምጠው።

"ሁሉንም?" አለ ኮፒው።

"ሁሉንም።"

ኮፒው ዲግሪውን አንስቶ አገላበጠና ጭንቅላቱን አከከ። "ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ባይታሸግ ይሻላል። ኦርጅናል ዲግሪ እኮ..."

"ልጄ፣ አንተ ከወረቀት ጋር ስንት ዓመት ሠራህ?"

"አራት።"

"እኔ ሠላሳ አራት።"

ኮፒው ማሽኑን አሙቆ ወረቀቱን አንድ በአንድ አጎረሰው። ወረቀቱ በአንዱ በኩል ወረቀት ሆኖ ይገባል፣ በሌላው በኩል እንደ መስኮት እያንጸባረቀ ይወጣል። ጋሽ ማኅደር ትኩስ ትኩሱን እየተቀበሉ ጠርዙን በጣታቸው ሲዳብሱ እውነተኛ ደስታ ተሰማቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

እቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው የጋብቻ ወረቀታቸውን ብርሃን ላይ ይዘው አዩት።

"አሁን እንግዲህ ትዳራችን ውኃ አያስገባም ማለት ነው?"

"ውኃም፣ አቧራም፣ ምስጥም፣" አሉ ጋሽ ማኅደር በኩራት።

"እኔም መውጫ የለኝማ፣" አሉ ባለቤታቸው፣ ወረቀቱንም መለሱላቸው።

በወሩ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለሚጣ ስልክ ተደወለ። ልጅቷ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ማመልከቻ ስትጽፍ፣ ፈተና ስትፈተን፣ "እንደውልልሻለን" ሲሏት ነው የኖረችው። ይኸው አንዱ ደወለ። አንድ ሆስፒታል ለላቦራቶሪው አንድ ሰው ሊቀጥር መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈትኖ እሷን አንደኛ አውጥቷታል። ከእሷ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዲግሪዋን በሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ማኅተም አስመትታ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ማምጣት።

"ካልደረስሽ ሁለተኛ የወጣው ነው የሚገባው፣" አለች የደወለችው ሴት። "እሱም ዛሬ ጠዋት ሁለቴ ደውሎ ጠይቋል።"

ሚጣ ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እናቷም አብረው አለቀሱ። ጋሽ ማኅደር አላለቀሱም። ወደ በሩ ሄደው ቀዩን ቦርሳ አወረዱ፣ ዝርዝሩን አዩ፣ ዲግሪውን መዘው አወጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጧት የጄኔራል መልክ ነበራቸው።

"አየሽ?" አሉ። "ሌላ ቤት ቢሆን አሁን ፍራሽ እየተገለበጠ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ፍራሽ ሲገለበጥ ይውልና ማታ ላይ የተጨማደደ፣ ጫፉ ቢጫ የሆነ፣ ግን ያልታሸገ ዲግሪ ይገኝ ነበር።

ረቡዕ በማለዳ አባትና ልጅ የሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ተሰለፉ። ተራቸው ደርሶ ዲግሪውን በመስኮቱ ሲያሳልፉ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ አልተቀበለችም። በጥፍሯ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀጭ ቀጭ አደረገችው።

"ይሄ ታሽጓል።"

"አዎ፣" አሉ ጋሽ ማኅደር። "ውኃ አያስገባም።"

"እኛንም አያስገባም እኮ፣ አባት። ማኅተሙን የምንመታው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም። ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የጉብታ ማኅተም በጣት ተዳስሶ ነው የሚረጋገጠው። ያልታሸገውን ኦርጅናል አምጡ።"

"ኦርጅናሉ እኮ ይሄ ነው።"

"ነበር፣" አለች ሠራተኛዋ፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ ወደሚቀጥለው ሰው እየተመለከተች።

ሚጣ እጅግ የተማረች ልጅ ናትና መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጋሽ ማኅደር ግን አወሩ። ሠራተኛዋ አዲስ ሳትሆን አትቀርም፣ የበላይ ኃላፊ ቢገኝ ኖሮ፣ በእሳቸው ጊዜ ቢሆን ኖሮ። እያወሩ ኮፒ ቤት ደረሱ። ኮፒውም "ብዬ ነበር" አላለም፤ ምስጋና ይግባውና ፊቱ ላይ ብቻ ነው የተጻፈው። ፕላስቲኩን መላጥ ይቻል እንደሆነ በሰዓቱ ዋስትና ላይ ሞከሩ። ኮፒው በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በምላጭ ጫፉን ከፈተና ቀስ ብሎ ሳበው። ፕላስቲኩ ተላጠ፤ ጽሑፉም አብሮ ተላጠ። በኮፒው እጅ ላይ ባዶ ወረቀት ቀረ፣ ሰዓቱም ዋስትናውን አጣ።

"ዲግሪውን አልነካም፣" አለ ኮፒው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።

ቀረ የተባለው መንገድ ዩኒቨርሲቲው ነው። ሰጪው ምትክ ይስጥ። ከሰዓት በኋላ የሬጅስትራሩ ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውን ሰው አይተው ጋሽ ማኅደር ልባቸው ተረጋጋ። ሰውየው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ እርሳሶቹ በቁመታቸው ልክ ተደርድረዋል፣ የወረቀት መውጊያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የራሳቸው ዘር ነው። እንደ ወንድም ሰላም አሉትና ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከነቀኑ፣ አስረዱት።

ሬጅስትራሩ በጥሞና አዳመጠ። ከዚያ መነጽሩን አደረገ።

"ምትክ የሚሰጠው ለሁለት ዓይነት ነው፤ ለጠፋና ለተበላሸ። ይሄ ጠፍቷል?"

"አልጠፋም፤ ይኸው።"

"ተበላሽቷል?"

"ተበላሽቷል እንጂ!"

ሬጅስትራሩ ዲግሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። "የቱ ጋ? ስሟ ይነበባል፣ ፎቶዋ ይታያል፣ ማኅተሙ በቦታው ነው። እኔ እዚህ ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዲግሪ አይቼ አላውቅም።"

"ማረጋገጫ ቢሮው ግን አልቀበልም አለ።"

"እንግዲያው ተበላሽቷል ብለው እነሱ ይጻፉልዎት።"

ጋሽ ማኅደር እንደማይጽፉ ያውቃሉ። እሳቸው ቢሆኑም አይጽፉም ነበር፤ የተበላሸ ነው የሚለው የሰጠው ነው እንጂ ያልተቀበለው አይደለም።

ሚጣ ይህን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። "ጋሼ፣ እሺ እዚሁ ፊትዎ ብቀደውስ? መቀስ ይስጡኝ።"

"ሆን ብሎ የትምህርት ማስረጃ ያበላሸ ምትክ አያገኝም፣ በሕግም ይጠየቃል፣" አለ ሬጅስትራሩ ረጋ ብሎ። "የመመሪያው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አለ።"

ጋሽ ማኅደር ሳያስቡት፣ "ጥሩ መመሪያ ነው፣" አሉ።

"አባዬ!" አለች ሚጣ።

ደነገጡ። ከልባቸው ነበር ያሉት፤ ቀዳዳ የሌለው ደንብ ሲያዩ አፋቸው ያመልጣቸዋል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እሳቸውን የሰፈረችው ቁና ግን ራሳቸው የሠሯት ትመስል ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነው የተቀመጡት። የአገልግሎት ማስረጃ ፈልጎ ሰባት ጊዜ የተመላለሰ አንድ ሾፌር ትዝ አላቸው። በሰባተኛው ቀን ሁሉን አሟልቶ መጣ፤ ፎቶው ላይ ባርኔጣ አድርጎ ስለ ነበር መለሱት። ሰውየው አልተሳደበም፤ ሣቀና ሄደ። ያን ጊዜ "ምን ዓይነት ቀልማዳ ነው" ብለው ነበር። አሁን ያ ሣቅ ምን እንደ ነበር ገባቸውና አፈሩ፤ ጆሯቸው እስኪግል አፈሩ።

ሬጅስትራሩ ዲግሪውን መለሰላቸው። አልጨከነም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጣሪያውን እያየ ተናገረ።

"የጠፋ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነው። ከፖሊስ የመጥፋት ማስረጃ ይመጣል፣ በነጋታው ጠዋት ምትኩ ይወጣል። የጠፋበትን ሰው አናስቸግርም። እኔ ግን ምንም አላልኩም።"

"ምንም አላሉም፣" አሉ ጋሽ ማኅደር።

ውጭ ደረጃው ላይ ሚጣ ቆመች። "በቃ። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እሄድና ጠፋብኝ እላለሁ።"

 እዚህ ላይ ጋሽ ማኅደርን አልወዳቸውም። ልጅቷ ያልሠራችውን ጥፋት ልትሸከም ስትነሳ "የእኔ ነው" ማለት ነበረባቸው። ግን ከአፋቸው አልወጣም። "ጠፋብኝ" የሚለውን ቃል ሠላሳ አራት ዓመት ከሌላ ሰው ሲሰሙ፣ ሲንቁም ኖረዋል። እሷ ወጣት ናት፤ ወጣት ይጥላል ቢባል ማንም አይገረምም፤ እንዲህ ብለው ራሳቸውን አባበሉ። እቤት ሲደርሱም ባለቤታቸው ሁሉንም ሰምተው አንድ ጊዜ ብቻ አዩዋቸውና ወደ ስፌታቸው ዞሩ። ጋሽ ማኅደር ከንግግር ይልቅ ያቺን እይታ ፈሩ።

ሐሙስ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ተረኛው ወጣት ነው፤ ፎርም አወጣና እስክሪብቶውን አራገበ። ቀዩ ቦርሳ ጋሽ ማኅደር ጭን ላይ ነው፤ የጠፋው ዲግሪም በውስጡ አለ። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ አልተንቀሳቀሱም።

"ምንድን ነው የጠፋው?" አለ ተረኛው።

"ዲግሪዬ፣" አለች ሚጣ።

"የት?"

"ታክሲ ውስጥ... መሰለኝ።"

"ማን ይዞት ሳለ?"

"እኔ።"

ተረኛው ይጽፋል። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ከጠረጴዛ ማዶ ያለን ወረቀት ገልብጦ ማንበብ አይቸግረውም፤ ጋሽ ማኅደርም አነበቡ። "የጠፋበት ምክንያት" ከሚለው ሥር አራት ሳጥኖች አሉ፤ ስርቆት፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ ግዴለሽነት። የተረኛው እስክሪብቶ አራተኛው ላይ ደርሶ ቆሟል። ከታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ "ግልባጭ፦ ለትምህርት ተቋሙ፣ ለሚቀጥረው መሥሪያ ቤት" ይላል።

ለሚቀጥረው መሥሪያ ቤት። ማኅደር ውስጥ የገባች ቃል ምን እንደምትሠራ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በመሥሪያ ቤታቸው አንድ ጸሐፊ ነበር፤ በተቀጠረ በወሩ አለቃው ተናዶ "ሰዓት አያከብርም" ብሎ ጻፈበት። አለቃው ሞተ፣ ቁጣውም ተረሳ፣ ቃሏ ግን አልሞተችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ዕድገት በመጣ ቁጥር ያ ማኅደር ይከፈታል፣ ያቺ ቃል ትነበባለች፣ ጸሐፊው ይቀራል። ማኅደሩን ወደ አለቆች ቢሮ ሲያመላልሱ የኖሩት ራሳቸው ጋሽ ማኅደር ናቸው፤ አንድ ቀንም ከፍተው "ይህ እኮ የድሮ ነው" ብለው አያውቁም። ደምና ሽንት ለምትመረምር ልጅ፣ የሰው ሕይወት በእጇ ለሚገባ ልጅ፣ የመጀመሪያ ገጿ ላይ "ግዴለሽ" ሊጻፍ ነው።

"ቆይ፣" አሉ። ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ጮኸ። "ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ተረኛው ቀና አለ። "እሷ እኮ ነው ያለችው።"

"ለእኔ ብላ ነው። በእኔ እጅ ነው የጠፋው።"

"አባዬ፣ ተው በናትህ፣" አለች ሚጣ እጃቸውን ይዛ።

"አንቺ ዝም በይ። ልጄ፣ ጻፍ።"

"ጀምሬዋለሁ እኮ፣ አባት። ስርዝ ድልዝ አይቻልም።"

"አውቃለሁ። ይሄኛውን በሁለት መስመር አቋርጠህ 'ተሰርዟል' በልና ፈርምበት። ከዚያ አዲስ ፎርም አውጣ።"

ተረኛው ሳይወድ በግድ እንደ ታዘዘ አደረገ። ሁለተኛውን ፎርም ዘርግቶ እንደገና ጀመረ። "ሙሉ ስም?"

ከነአያታቸው ተናገሩ። ስማቸው ለራሳቸው ጆሮ እንግዳ ሆነባቸው።

"ሥራ?"

"ጡረተኛ።"

"ከጡረታ በፊት?"

 ቦርሳው ተንኮሻኮሸ። "የመዝገብ ቤት ኃላፊ።"

ተረኛው እስክሪብቶውን አቆመ። "ስንት ዓመት?"

"ሠላሳ አራት።"

"እና ጠፋብዎት?"

ከኋላ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው ሣቁን በሳል ሸፈነው። ጋሽ ማኅደር ሰሙት።

"ጠፋብኝ፣" አሉ።

"ምክንያቱ ምን ይባል?"

"ጥንቃቄ በዛብኝ።"

"እ?"

"ከጥንቃቄ ብዛት ነው የጠፋው።"

"አባት፣ እሱ የለም።" ተረኛው ፎርሙን አዙሮ በጣቱ አሳያቸው። "ስርቆት፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ ግዴለሽነት። አንዱን ይምረጡ።"

ቤታቸውን ከእሳት ሊያድኑ ተነስተው፣ ጎርፍን በባልዲ ፈትነው፣ ሌባ እንዳይደርስበት ሚስማሩን ከፍ አድርገው ራሳቸው መትተው ነበር። ሦስቱም ሳይመጡባቸው አራተኛው ቀረላቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

"ግዴለሽነት ላይ አድርገው፣" አሉ።

ተረኛው ምልክቱን አደረገ። ጋሽ ማኅደር ፈረሙ። ከፋቸው፤ በጣም ከፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት ስም በአንዲት ምልክት ሲሄድ በዓይናቸው አዩት። ግን እስክሪብቶውን ሲመልሱ ሚጣ ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

ተረኛው ማኅተሙን መታ፣ ቀለሙን እፍ ብሎ አደረቀና ማስረጃውን አቀበላቸው። ልጁ ደግ ነው፤ አዝኖላቸዋል።

"አይዞዎት፣ አባት፣ በእርጅና ይመጣል። ምትኩ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ልምከርዎት፤ ዋል አደር ሳይሉ ላሚኔት ያስደርጉት።"

ሚጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይነቃነቃል። ጋሽ ማኅደር ተረኛውን አዩት፣ ማስረጃውን አዩት።

"እሺ፣ ልጄ፣" አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

ሬጅስትራሩ ማስረጃውን ተቀብሎ፣ ስሙን አንብቦ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ መዘገበ። ምትኩ ዓርብ ሦስት ሰዓት ወጣ፤ በስድስት ሰዓት ተመታ፤ በዘጠኝ ሰዓት አባትና ልጅ ሆስፒታሉ ውስጥ የሰው ኃይል ቢሮ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ሚጣ ናት በእጇ ይዛ የመጣችው፤ አባቷ "ስጪኝ ልያዘው" አላሉም። ሠራተኛዋ ዲግሪውን በጣቷ ዳስሳ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ የቅጥር ፎርም ሰጠቻት።

ሚጣ መጻፍ ጀመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። ጋሽ ማኅደር አጠገቧ ሆነው የሚሞላውን ቦታ ሁሉ በዓይናቸው ይከተሉ ነበር፤ ይህ መቼም አይለቃቸውም። "በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው" የሚል መስመር ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ አልቆመም። የአባቷን ስም ከነአያታቸው ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ጋሽ ማኅደር አዩት። አፍረው ነበር፣ ደስም ብሏቸው ነበር።